የሚስቱ ሐኪም

ሰዎች የጥርስ ሐኪሙን በስሙ መጥራት ከተዉ ዘመን ሆኗል። «አይነቀልም» ነበር የሚሉት። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ «ነቅለህ ገላግለኝ» እያለ የሚመጣበት ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ እሱ ግን ትንሿን መስታወት በታካሚው አፍ ውስጥ አስገብቶ ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ ረጋ ብሎ «አይነቀልም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም ቢቆጡትም ወይ ፍንክች። ወደ ሥሩ ይገባል፤ የሞተውን ነርቭ በቀጫጭን መርፌዎቹ አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ሞልቶ ይዘጋዋል። የሙያ ጓደኞቹ «በዚህ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው» ብለው ሲያሞግሱት «የራሴንም አልነቅልም» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ያገናኛቸውም ያው ጥርስ ነው። እሱ ገና ወጣት ሐኪም ሳለ፣ አንድ ቀን ግራ ጉንጯ ኳስ አክሎ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ እየሮጠች መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሲያምሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ያን ጊዜ አቆማለሁ» አላት።

ገና መስታወቱን ሲያነሳ እጇን አነሳች። አቆመ። እንደገና ሲጀምር አሁንም አነሳች፤ አሁንም አቆመ። በሦስተኛው ባበጠ ፊቷ ፈገግ አለችና፣ እውነት የሚያቆም ሰው መሆኑን ልታይ ብላ እንደሆነ ነገረችው። ያ የታች መንጋጋ ጥርስ ታክሞ ሳያልቅ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከተጋቡ በኋላ እንዴት እንደተዋወቁ ለሚጠይቃቸው ሁሉ እሱ «ጥርሷ ውስጥ ገብቼ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ጥርሴ ውስጥ ገብቶ በሰላም የወጣ እሱ ብቻ ነው» ትላለች።

አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ከእናቷ ቅልጥፍናን፣ ከአባቷ ግትርነትን ወርሳ የአባቷን ሙያ ያዘች፤ በማስተማሪያ ሆስፒታልም የጥርስ ሥር ሐኪም ሆነች። አባትና ልጅን ያቀያየማቸው ይኸው አንድ ዓይነት ሙያቸው ነው። እሷ የምታጠናው ናኖ ስለሚባሉት፣ የፀጉርን ውፍረት ሺህ ቦታ ቢሰነጥቁት ከአንዱ ስንጣቂ እንኳ ስለሚያንሱት ረቂቅ ቅንጣቶች ነበር፤ ከብርና ከሌላም ማዕድን የሚሠሩ፣ በሥሩ ቦይ ውስጥ ተህዋስያንን የሚገድሉ ቅንጣቶች። የጥናቷን ውጤት በባልደረቦቿ ፊት ባቀረበች ዕለት አባቷ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማ፤ ሰማና እጁን አውጥቶ «ለመሆኑ አንዷን እንኳ በዓይንሽ አይተሻታል?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። እሷ በትልቁ ማይክሮስኮፕ እንዳየቻቸው ብትመልስም ሳቁ ድምፅዋን ዋጠው። እሱ ቀልድ ያወራ መስሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስትመጣ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቷ ጤና ይነጋገራሉ እንጂ ስለ ጥርስ አንድም ቃል አይወጣቸውም።

ከዚያ በኋላ ሚስቱን የመርሳት በሽታ ያዛት። መጀመሪያ የጠፋት የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ልክ ነበር። ዓይኗን ጨፍና የምትሠራውን ሥራ፣ ቁልፉን በአንድ እጇ፣ ጨርቁን በሌላው ይዛ ግራ ተጋብታ ትቀመጥ ጀመር። ቀጥሎ የጎረቤት ስም ጠፋ፤ ከዚያ የጎዳናው፤ ከዚያ የልጇ። ባሏን ከሁሉም ኋላ ነው የረሳችው። እሱም ይህን እንደ ክብር ቆጥሮት ሰነበተ፤ አንድ ቀን ጠዋት በራሷ ሳሎን ውስጥ «አንተ ማነህ? ማን አስገባህ?» እስክትለው ድረስ።

ይኼም አልበቃ ብሎ መጮህ ጀመረች። ስትበላ ትጮኻለች፣ ስትተኛ ትጮኻለች፤ የቀረበውን ሰሃን በክንዷ ትመታለች፤ የጥርስ ብሩሽ ይዞ የቀረባትን ትነክሳለች። የአእምሮ ሐኪሙ በሽታው እየገፋ ሲሄድ ይህ የሚጠበቅ ነው አለና የማስታገሻውን መጠን ከፍ አደረገ። አይነቀልምም አመነ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ስትጮህ ጀርባዋን ያሻሻል፤ ስትመታው ዝም ይላል። አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ይላታል። እሷ ግድግዳውን ታያለች። ምንም ስለማትመልስ፣ ሕመም የለም ማለት ነው ብሎ ይደመድማል።

ልጃቸው እንደልማዷ ልትጠይቃቸው በመጣችበት አንድ እሑድ እናቷን ሾርባ ልታጎርሳት ጎንበስ አለች። ማንኪያው መንገድ ላይ ቆመ። የጥርስ ሐኪም አፍንጫ የማይስተው ሽታ አለ፤ የቆየ መግል ሽታ። ሳህኑን አስቀምጣ የእናቷን ከንፈር በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገች፤ ከመነከሷም በፊት ማየት የሚበቃትን ያህል አየች። ከድዱ ሥር ቀይ እባጭ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ።

«አባዬ፣ አፏን ያየኸው መቼ ነው?»

«ትነክሳለች እኮ» አለ።

«መቼ ነው ያየኸው?»

 «የት እንደሚያማት ጠይቄያታለሁ» አለ። ልጁ የተነከሰ ጣቷን በሌላው እጇ ያዘች። ከዚያም፣ መውቀስ በማይመስል ድምፅ፣ እናቷ መናገር ካቆመች መክረሟን አስታወሰችው። እሷም ራሷ በየሳምንቱ እየመጣች እንዳላየች ተናገረች። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት በሰው ሲነገር ሰምቶ ስንት ጊዜ ስቋል። የስንቱን እንግዳ አፍ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ እጁ ሥር ያለች ሚስቱ በጥርስ ሕመም ስትጮህ በሽታዋ ገፋ እያለ ጀርባዋን ሲያሻሽ ከርሟል።

በማግስቱ ራጅ ተነሳች። ልጁ ፊልሙን ብርሃን ላይ ስትሰቅለው ማንም ሳይነግረው አወቀው። የራሱ ሥራ ነበር። እሷን ያገኘበት ያ የግራ መንጋጋ፣ ሥሩ እስከ ጫፉ ድረስ ነጭ ሆኖ የተሞላ፣ በዘመኑ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያሳየው ሥራ። ከሥሩ ጫፍ በታች ግን አጥንቱ ተበልቶ ጥቁር ጥላ ሠርቷል።

«ይነቀል» አለ አባትየው።

በሕይወቱ እንዲህ ሲል የሰማው የለም። ከእንግዲህ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማሠቃየት እንደማይፈልግ፣ ባንድ ጊዜ ተነቅሎ እንድትገላገል እንደሚሻ አስረዳ። ልጁ እናቷ ለዓመታት የአጥንት መሳሳት መድኃኒት መውሰዷን አስታወሰችው። ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ጥርሱ ሲነቀል መንጋጋው ቁስሉን መዝጋት ሊያቅተው፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። እሱም ያውቀዋል፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነበር።

«አይነቀልም፣ አባዬ» አለች።

የራሱን ቅጽል ስም ከልጁ አፍ ሲሰማ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ቁጭ ብላ አስረዳችው። ሥራው ንጹሕ እንደነበር፣ ዋናው ቦይ በደንብ መሞላቱን ነገረችው። ነገር ግን ከቦዩ ግድግዳ ወደ ጎን የሚሄዱ ረቂቅ ቱቦዎች አሉ፤ ጥቂት ባክቴሪያዎች እዚያ ተሸሽገው ለዓመታት ይከርሙና ሰውነት ሲደክም ይነሳሉ። ማጠቢያው ወደ ጥልቁ አይደርስላቸውም። እሷ የምትጠቀምበት ቅባት ውስጥ ያሉት የብር ቅንጣቶች ከባክቴሪያው ራሱ በብዙ ስለሚያንሱ ከሌላው መድኃኒት ራቅ ብለው ይገባሉ።

«ሁሉንም ይገድላል አልልህም» አለች። «ከሌላው ይሻላል ነው የምልህ።»

«አድርጊው» አለ። ያን ዕለት በአዳራሹ ስለጠየቃት ጥያቄ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን ሚስቱ ከሕክምናው ክፍል በር ላይ አልገባም አለች። ነርሷ ለመነቻት፣ ልጇ ለመነቻት፤ በሁለት እጇ የበሩን መቃን ይዛ ትጮኻለች። አይነቀልም ይህን ማየት አቅቶት ወደ ኋላ ዞር ሲል ማንጠልጠያው ላይ ነጭ ጋዋን አየ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ለበሰው፤ የአፍ መሸፈኛም አሰረ። ወደ እሷም ሄዶ ድሮ በተናገረበት ድምፅ፣ «ሲያምሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ያን ጊዜ አቆማለሁ» አላት።

ጩኸቷ ቆመ። ፊቱን ሳይሆን ጋዋኑን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እሺ ዶክተር» አለችና ገብታ ተቀመጠች። «እርስዎ ካሉ እሺ።»

ሥራው ረጅም ነበር። ልጁ በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብላ የአባቷን አሮጌ ሙሊት በጥቂት በጥቂቱ እየፈለቀቀች ታወጣለች፤ እሱ ከጎን ተቀምጦ የሚስቱን እጅ ያያል። እጇ በተነሳ ቁጥር «አቁሚ» ይላል፤ ልጁም ታቆማለች። አንድ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ልጁ ልቀጥል ብላ በዓይኗ ለመነችው። «እጇን አንስታለች» አለ። ቆመች። በመጨረሻ ግራጫውን ቅባት በቀጭን መርፌ ወደ ቦዩ አስገብታ ለጊዜው ዘጋችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እባጩ ጠፍቶ ነበር፤ ታጥቦ፣ እንደገና ተሞልቶ፣ ለዘለቄታው ተዘጋ።

ቤቱ ውስጥ ጩኸት ቆመ። ሚስቱ በላች፤ ተኛች፤ የማስታገሻው መጠን ተቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቅ እያጣጠፈች ስታንጎራጉር ሰማት። ያን ጊዜ ክፉ ተስፋ ልቡ ውስጥ ገባ። የረሳችው በሕመሙ ምክንያት ከሆነስ? ሕመሙ ሲወጣ ቀስ በቀስ ብትመለስስ? ለልጁ አልነገራትም፤ እንደ ሐኪም ሐሰት መሆኑን ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ እሷ የሰፋችለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ገባ።

ስታየው ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። «ሰው አለ!» ብላ ተጣራች። «ኧረ ሰው ቤቴ ገባ!»

ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የድሮ የሥራ ጋዋኑን አውጥቶ ለበሰ፤ በሩን አንኳኳ።

«ይግቡ ዶክተር» አለች ሞቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ዘገዩ።»

እንዲህ ሆኖ ነው በገዛ ቤቱ የሚስቱ ሐኪም የሆነው። በጋዋን ቁርስ ያበላታል፣ በጋዋን ፀጉሯን ያበጥራል፣ በጋዋን መስኮቱ አጠገብ አብሯት ፀሐይ ይሞቃል። እድሜ ልካቸውን «አንተ» እና «አንቺ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች አሁን በ«እርስዎ» ሆኑ። አንድ ሁለት ጊዜ «አንቺ» ብሎ ቢያመልጠው ቅር ብሏት ፊቷን አዞረች። ልጁ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ደርሳ ወጥ የነካካውን እጅጌውን ስታይ «አውልቀው አባዬ፣ ቢያንስ ስትበላ» አለችው። ካወለቀው እናቷ እንደምታስወጣው ነገራት።

ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ባሏ ስታጫውተው ነው።

«ባለቤቴም የርስዎ ሙያ ነው ያለው» አለችው አንድ ጠዋት። «ያውቁት ይሆን? ጥርስ አይነቅልም።»

«ስሙን ሰምቻለሁ» አለ።

«ጠፋብኝ እኮ። በሽተኛ ሲበዛበት ቤት እንዳለው ይረሳል።»

ካገኙት ነጭ ክር እንዲልክላት እንዲነግሩት ለመነችው። ያንኑ ዕለት ገበያ ወርዶ ገዝቶ አመጣ፤ ባለቤትዎ ልኮልዎታል ብሎ ሰጣት። ክሩን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው፤ ጥራቱ ደስ አላት። ከዚያ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ወደቀ። እዚህ ድረስ መጥቶ ክር ሰጥቶ የሄደ ሰው ለምን ብቅ ብሎ እንዳላያት ጠየቀች። ቸኩሎ ነበር አለ። ከዚህ የተሻለ ውሸት አልመጣለትም።

አንድ ቀን ግን አልቻለም። ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ እሷም ተረጋግታለች፤ ሳቅ ሳቅ ትላለች።  ጋዋኑን ፈታ። ተንበርክኮ እጇን ያዘና «ባልሽ እኔ ነኝ» አላት።

እጇን ከእጁ ውስጥ ሳብ አድርጋ አወጣች። አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ነው፤ የምታከብረው ሰው ያሳፈራት ሴት ሐዘን።

«ዶክተር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። እኔ ባለትዳር ነኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ባሌን እወደዋለሁ። ቢጠፋም እወደዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ቢሰማ ይከፋዋል።»

«አይሰማም» አለና ጋዋኑን ቆለፈ። ያን ዕለት ኩሽና ገብቶ የውኃውን ቧንቧ ከፍቶ አለቀሰ፤ ድምፁ እንዳይሰማ። ሚስቱ ለእሱ ብላ ራሷን ከእሱው ስትጠብቅ አይቷልና፣ በዚህ መደሰት ይሁን መሞት እንዳለበት አላወቀም። ማታውን ልጁ ደውላ እንዴት ዋላችሁ ስትለው ደህና አለ።

ከዚያ ወዲያ አልሞከረም። ስለ ባሏ ስታወራ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፤ እሱ ረስቶት የነበረውን ሁሉ ከእሷ ሰማ። የመጀመሪያ ቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ ባሏ ከሥራ ቦታው የበሽተኛ መትፊያ ሳህኖች አምጥቶ ከየጠብታው ሥር እንደደረደረ እየሳቀች ነገረችው። ልጃቸው ስትወለድ ደንግጦ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ እንደመጣ ነገረችው። አንዴ ደግሞ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እንዲህ አለችው፤

«ዶክተር፣ መምጣት ያፈረው ተቀይማለች ብሎ ከሆነ፣ አልተቀየመችም ይበሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አለ። 

ልጁ የክትትሉን ራጅ ያነሳችው የእናቷ ጉልበት መድከም ከጀመረ በኋላ ነበር። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። ከሥሩ በታች የነበረው ጥቁር ጥላ የለም፤ አጥንቱ ሞልቶ ነጭ ሆኗል። ልጁ ይህን ያህል መልካም ውጤት በዚህ ዕድሜ ላይ ማየቷ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ተናገረች።

«ዳነ» አለች።

«ጥርሱ ዳነ» አለ አባቷ። ክፉ ሊናገር ፈልጎ አልነበረም። ልጁ ፊልሞቹን አውርዳ ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው ቆሙ፤ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም ነበር።

ሚስቱ በሳንባ ምች ነው የሞተችው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዶክተሩንም ረሳችው። ጋዋን ለብሶ ቢገባ፣ ሳይለብስ ቢገባ ለውጥ አልነበረውም፤ ዓይኗ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ አወለቀው፤ በሸሚዙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «አንቺ» እያለ ሊያናግራት ቻለ። እስትንፋሷ እስኪቆም አናገራት፤ ክሩን መውደዷን ባሏ ስለ መስማቱ፣ መልእክቷ ስለ መድረሱ፣ ባሏም እየመጣ ስለ መሆኑ።

ከቀብሩ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የልጁ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደና ቅንጣቶቹን አሳዪኝ አላት። ልጁም ወደ ትልቁ ማይክሮስኮፕ ክፍል ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የተበተኑ ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ። ወንበሩን ስቦ ቀረበ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

«ያን ቀን፣ በሰው ፊት...» ብሎ ጀመረ።

«ግዴለም፣ አባዬ።»

«ግድ አለው» አለ። በሰው ፊት እንዳሳቀባትና የማያውቀውን ነገር ፈርቶ እንደነበር ነገራት። ቀጥሎ ቅባቱ ሲታጠብ ሁሉም ወጥተው እንደሆነ ጠየቃት። አብዛኛው መውጣቱን፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ጠልቀው የገቡት ግን እዚያው መቅረታቸውን ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ነጥቦቹን ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ሲያያቸው ቆየ፤ ልጁም ማሽኑን አላጠፋችበትም።

አሁን ሁለቱ አንዳንድ ቀን የአረጋውያን መኖሪያ ይሄዳሉ፤ መናገር ያቃታቸውን ሰዎች አፍ ለማየት። አብዛኛዎቹ አይፈቅዱም። በቅርቡ አንድ የአውቶብስ ሾፌር የነበረ ሽማግሌ የሸሚዙን እጅጌ ሲነክስ ውሎ ያድራል ብለው ተንከባካቢዎቹ ጠሩት። ሽማግሌው ከንፈሩን ገጥሞ አልከፍትም አለ። አይነቀልም አልታገለውም፤ ባትሪውንና መስታወቱን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ቁልቁለት እያወራው ከሰዓቱን ሙሉ ቆየ። ሽማግሌው ሊመሽ ሲል አፉን ለማዛጋት ከፈተ። ያችው በቃችው፤ የተሰበረ ሥር አየ።

ልጁ ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቀው ነበር። ያየውን ነገራት፤ ሽማግሌው ሰኞ ወደ እሷ ሆስፒታል እንዲመጣ ተስማሙ።  የመቀመጫውን ቀበቶ ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጁ አላገዘችውም፣ አላቻኮለችውምም፤ ሞተሩን ሳታስነሳ መንገዱን እያየች ጠበቀችው።